ደብሪቱ የያዘችልኝ ትከሻ

በድርቁ ዓመት ማሳችን አልበቀለም፤ የምንበላው ከሽመናዬ ብቻ ነበር። ያኔ ትከሻዬ ደርቆ አልነሣ አለኝ። ክሊኒክ የሚሰጠው የመገጣጠሚያ መርፌ ድርቀቱን ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። ባለቤቴ ደብሪቱ «እስከ መኸር ልያዝልህ» ብላ ተቀበለችኝ።

አሥራ አንድ መኸር አለፈ። እኔ ግን እጇ እንዲደርስ የጨው መደርደሪያውን ዝቅ አድርጌ ቸነከርኩላት እንጂ ድርቀቱን አልወሰድኩላትም።

ዘንድሮ ዓይኔ ደክሞ ሽመናውን ስተወው ክሊኒክ ወሰድኳት።

«መወርወሪያው ሲያመልጥህ ትዝ አልኩህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። አፈርኩ።

ድርቀቱ ወደ እኔ ተመለሰ። ቤት ስንገባ ደብሪቱ እጇን መደርደሪያው ድሮ ወደነበረበት ባዶ ግድግዳ ዘረጋች።

«በል፣ ወደ ቦታው መልሰው» አለች።

ክንዴ አልነሣ አለኝ። መዶሻውን ራሷ አነሣች።