ከስልሳ በታች

«አዲስ አበባ ተገኝቷል! ጓድ ዘገዬ፣ ሁለት ቁጥር ይግቡ!» አለች የቴሌዋ እልፍነሽ ከመስታወቱ ጀርባ።

ዘገዬ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ጠባቡ የስልክ ክፍል ገባ። ሚስቱ ተሻለች የአራት ወር ልጃቸውን ታቅፋ ከበሩ ውጭ ቆመች። ልጅቷ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለባት። ሐኪሞቹ ከአዲስ አበባ ወደ ናዝሬት ሲመልሷቸው ትእዛዝ ሰጥተዋቸው ነበር፦ በየማለዳው፣ እንደተኛች፣ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጥሮ መጻፍ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደውሎ መናገር። ስልሳን ካለፈ በዚያው ቀን ይዟት መምጣት።

«ይንገሩኝ» አለች ነርሷ፣ ሲስተር ዘርፉ፣ ከሽቦው ማዶ።

«ሰኞ ሃምሳ አራት። ማክሰኞ ሃምሳ ሁለት። ረቡዕ ሃምሳ አምስት...» ድምፁ አልተደናቀፈም።

የቀበሌው ጸሐፊ እሱ ነው። ስድስት መቶ ችግኝ ተተክሎ ሺህ ብሎ መጻፍ፣ ሠላሳ ሰው የመጣበትን ስብሰባ ሁለት መቶ ማድረግ ለእጁ እንግዳ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት የልጅቷ ትንፋሽ ስልሳ ሦስት የሞላ ዕለት፣ የአውራጃ ተቆጣጣሪዎች የሚመጡበት ሰሞን ነበርና ሊቀመንበሩን ፈቃድ መጠየቅ ፈራ። እጁ ራሷ ሃምሳ ስምንት ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩንም ተወው። በየማለዳው ሰዓቱን ይዞ አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነው።

«ስንት ሆነ?» ትለዋለች ተሻለች።

«ሃምሳ አራት።»

«ተመስገን» ትልና ጡቷን ታወጣለች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ስባ ትደክማለች።

አሁንም የተሻለች ድምፅ ከውጭ ይሰማዋል። ተራ ለሚጠብቁት ለመልካሳው ኦቦ ሰንበታ ታወራለች። «እሱ ነው የሚቆጥርላት፣ አባባ። አንድ ቀን አላጓደለም።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ለቀበሌ ጸሐፊ የሦስት ደቂቃ ስልክ መች ይበቃዋል? የዓመቱን ሪፖርት አሰምቶ ነው የሚወጣው» አሉ ሽማግሌው። ወረፋው ሳቀ።

«እንደ እርስዎ ደብተር የሚይዝ አባት የለኝም» አለች ሲስተር ዘርፉ። «እንግዲህ ደህና ከሆነች፣ ለማክሰኞ የያዝኩላትን አልጋ ለሌላ ልስጠው። ከአሰላ የመጣች ሕፃን አለችብኝ፣ እያቃሰተች ነው። ይሁን?»

ይሁን ማለት ቀላል ነበር፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። በበሩ መስታወት በኩል ልጁን አያት። ግንባሯን አልቦታል። ተሻለች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና ለሱ ፈገግ አለችለት።

«ሲስተር... ቁጥሩ የኔ ነው።»

«የእርስዎ ማለት?»

«የልጅቷ አይደለም።»

ከሽቦው ማዶ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ።

«ሁለት ቁጥር፣ ሰዓት ሞልቷል» ብላ እልፍነሽ መስመሩ ውስጥ ገባች።

«እንዳትቆርጪው እህቴ!» ሲስተር ዘርፉ ጮኸች። ከዚያ ዝግ ብላ፣ «ልጅቷ የት ናት?»

«እዚሁ። ተኝታለች።»

«አሁን ይቁጠሩልኝ። ጮክ ብለው፤ ልስማ።»

መነጋገሪያውን እንደያዘ በሩን በትከሻው ገፋው። «ተሹ፣ ደረቷን ግለጪልኝ።»

«ምነው? ምን አሉ?» አለች እየገለጠች።

ጎንበስ አለ። የልጅቷ ቆዳ ከጎድን አጥንቶቿ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ይመለሳል፣ ይሰረጉዳል። የእጅ ሰዓቱ ሴኮንድ ቆጣሪ አሥራ ሁለትን ስታልፍ ጀመረ።

«አንድ... ሁለት... ሦስት...»

ወረፋው ሁሉ ወደነሱ ዞረ። የኦቦ ሰንበታ ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀረ። እልፍነሽ እጇን ከመሰኪያው ላይ አነሳች።

ሃምሳ ሲደርስ ተሻለችም በከንፈሯ አብራው ትቆጥር ነበር። «ስልሳ» ሲል ከልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ሴኮንድ ቆጣሪዋ ገና ዘጠኝ ቁጥር ላይ ናት፤ ደቂቃው አልሞላም።

«ስልሳ አንድ» አለ።