አመድ የቀመሰው ጋርዴኒያ

ጋሪው ደጇን አልፎ ሲሄድ ሸዋዬ በበሩ ቀዳዳ ታያለች። ይሄ ሦስተኛው ዙር ነው። የመርሳ ከተማ ያበቀለችው አበባ ሁሉ፣ በዘይት ጣሳም በቀለም ባልዲም በተሰነጠቀ ማሰሮም ያለው፣ እየተጫነ ወደ ጎረቤቷ ወደ ረሂማ ዳስ ይገባል። ነገ የረሂማ ልጅ ሀስና ታገባለች። ሰርግ ሲሆን የሰፈሩ አበባ ለአንድ ቀን የሙሽራዋ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ሸዋዬ ግን እምቢ ልትል ነው። መልሷን ሦስት ቀን ሙሉ ስትለማመደው ሰንብታለች። ጋርዴኒያዋ በተተከለ በአራት ዓመቱ ገና ዛሬ የመጀመሪያ እምቡጡን ሊፈታ ነው! ጠዋት ድፍን አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ከጫፉ ነጭ ብቅ ብሏል። ከቦታው ከተነቃነቀ ግን ይረግፋል። እየተመላለሰች ባየችው ቁጥር ልቧ ድው ድው ይላል።

ችግሩ፣ አበባውን የሚለምናት ሰው አለመምጣቱ ነው።

እንዴትስ ይምጣ! የዛሬ ሁለት ዓመት ረሂማ ለደግ ብላ የምድጃዋን አመድ ጋርዴኒያው የተተከለበት ባልዲ ላይ ገለበጠችው፤ ጎመኗም ቃሪያዋም አመድ ይወዳላ። ጋርዴኒያው በሳምንቱ ቢጫ ሆነ። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራው የእህቷ ልጅ ዮሴፍ መጥቶ አየና፣ "አክስቴ፣ አመድ ለዚህ መርዙ ነው። የቧንቧ ውሃም አይስማማውም፤ የዝናብ ውሃ ስጪው" አላት። ሸዋዬም ይህንኑ እየደጋገመች፣ ሰፈር እስኪሰማ ረሂማ ላይ ጮኸችባት። በማግስቱ በሁለቱ ግቢ መሃል የቆርቆሮ አጥር ተመታ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ጋርዴኒያው ግን አጥሩን ተደግፎ አገገመ። በበጋ ያጠራቀመችው የዝናብ ውሃ ሲያልቅባት እንኳ አልጠወለገም። "የእጄ በረከት ነው" እያለች ትኮራለች።

በሩ ይንኳኳል። ሀስና ናት፤ ሂና የተቀባ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ላይ ይዛዋለች። ያንኳኳችው በክርኗ ነው።

"እትዬ ሸዋዬ፣ የሁሉም ቤት አበባ ገብቶ የአንቱ ብቻ ቀረ። ያለ አንቱ አበባ ልዳር እንዴ?"

"እናትሽ ናት የላከችሽ?"

"ኧረ እሷማ፣ 'ያንን እንዳትነኩት፣ እምቡጡ ይረግፋል' ብላ ከልክላናለች። ተደብቄ ነው የመጣሁት።"

ሸዋዬ ሦስት ቀን የተለማመደችው መልስ ከንቱ ይቀራል። ደግሞስ ይህቺ ሴት ከአጥር ወዲያ ሆና እምቡጡን በየት አየችው? 

"በይ ነይ! ይርገፍ ከፈለገ!" ትልና ጎንበስ ብላ ባልዲውን በሁለት እጇ ታቅፋለች። አይነሳም። ሥሩ በባልዲው ቀዳዳ ወርዶ መሬት ይዟል። አንዴ፣ ሁለቴ ትሞክራለች፤ ወይ ፍንክች! ሀስና ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

"ምን ያስለቅስሻል?" ትላለች ሸዋዬ ላቧን እየጠረገች። "እሱ አልሄድ ካለ አጥሩ ይሄዳል!"

መዶሻዋን ይዛ ትመለሳለች። ሀስና እምቡጡን በሰውነቷ ትጋርደዋለች፤ ሸዋዬ ምስማሩን አንድ በአንድ ትነቅላለች። ቆርቆሮው ሲንጫጫ በዳሱ ውስጥ የነበረው ሁካታ ጸጥ ይላል።

"ማነው ይሄን የሚነቅል?" ይላል የረሂማ ድምፅ ከወዲያ።

"እኔ ነኛ! በዚያ በኩል ያዢልኝ፤ እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ!"

ከወዲያ ጣቶች የቆርቆሮውን ጫፍ ይጨብጣሉ። ከዚያ፣ "ይዣለሁ፣ ልቀቂው!"

ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሀስና እልልታዋን ታቀልጠዋለች፤ ከዳሱ ሴቶቹ ይቀበሏታል። እምቡጡ አልረገፈም። እንዲያውም አንዷ ነጭ ቅጠል ከሌሎቹ ተላቃ ተዘርግታለች።

ሸዋዬ ግን ወደ መሬት ነው የምታየው። በረሂማ ቤት አሸንዳ ሥር በርሜል ቆሟል። ከበርሜሉ ግርጌ በጠጠር የተደረደረች ቀጭን ቦይ ተነስታ፣ አጥሩ በነበረበት በኩል ሾልካ፣ ቀጥ ብላ ባልዲው ሥር ትገባለች። መርሳ ላይ ከዘነበ ዐሥር ቀን ሆኖታል። ቦይዋ ግን እርጥብ ናት።

ረሂማ ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ዓይኗን ትሰብራለች። "አንቺው ነሽ የጮህሽው" ትላለች። "'የዝናብ ውሃ ነው የሚወደው' ስትይ ማን ያልሰማ አለ?"

ሸዋዬ መዶሻዋን መሬት ታስቀምጥና፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቦይዋን እንዳትረግጣት ተጠንቅቃ ትሻገራለች።