ሁለት ስክሪፕቶች በአንድ ቤት

የመጽሐፍ አራሚው ጠዋት ኮምፒውተሩን አስነሥቶ የማተሚያ ቤቱን ረቂቅ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርገው፣ ገጹ በመምጣት ፈንታ አንዲት ሴት ከማሽኑ ውስጥ «ምዕራፍ ሦስት» ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ዘጋት። ሌላ ፋይል ከፈተ፤ ያንንም አነበበችው። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ማተሚያ ቤቱ ረቂቅ ይልክለታል፤ ድሮ በሳምንት ሁለት፣ አሁን በወር አንድ ቢመጣ ነው። የዘንድሮ ጸሐፊዎች ፊደል ሲያሳንሱ ለጉድ ነው፤ ገጹን አጉልቶ አጉልቶ ነው የሚያርመው። ያም ሆኖ ሥራው ነው። ከሥራውና ከሚስቱ ሌላ ምንም የለውም። ልጅ አልወለዱም፣ የሥራ ባልደረቦቹም መደወል ከተዉ ቆይተዋል። አንዱማ «መንገድ ላይ አይተኸኝ ዘጋኸኝ» ብሎ አኩርፎታል። የዘጋው ራሱ ሰውየው ሆኖ ሳለ!

የማተሚያ ቤቱ ቴክኒሺያን ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ማሽኑን ፈተሸለት።

«ጋሼ፣ ቫይረስ አይደለም» አለው በስልክ። «ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የሚሠራ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የምንለው፣ አለ። የጽሑፍ ፋይል ሁሉ ጮክ ብሎ በሚያነበው ፕሮግራም ይከፈት ብሎ ያዛል። ሰው ነው እዚያው ቁጭ ብሎ የጻፈው።»

«መቼ?»

«ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት አራሚው ጋደም ብሎ ነበር። ቤት ውስጥ የነበረችው ሚስቱ ብቻ ናት።

ቴክኒሺያኑ ያንን ስክሪፕት አጥፍቶ፣ ሁሉን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ሌላ ላከለት። አራሚው ሲያስኬደው ረቂቁ እንደ ወትሮው ተከፈተ። በማግስቱ ግን ሴትየዋ ተመልሳ ታነባለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስክሪፕቶች ሲተናነቁ ሰነበቱ፤ እሱ ይመልሳል፣ አንድ ሰው ይገለብጣል። ባልና ሚስቱ ግን ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

አራሚው ጥርጣሬ ገባው። ሚስቱ የስልክ መልእክት መላክ እንኳ «አንተው ላክልኝ» የምትል ሴት ነበረች። ስክሪፕት ከሰማይ አልወረደላትም። ያስተማራት ሰው አለ።

አንዴ ከጠረጠረ በኋላ ሁሉ ነገር ገጠመለት። ማክሰኞና ሐሙስ «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ማለት አምጥታለች። ስልክ ሲደወልላት ጓዳ ትገባለች። ለስኳር ሕመሙ ሐኪም ጋ አብረው የሄዱ ቀን እሱን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ሩብ ሰዓት ያህል ውስጥ ቆየች፤ ስትወጣ ድምፅዋ ሌላ ነበር። የኮምፒውተሩም ጩኸት ምስጢሩ ተገለጠለት። ማሽኑ እስካነበበ ድረስ እሱ ከወንበሩ አለመነሣቱን ከጓዳ ሆና ታውቃለች፤ ከዚያ ሰውዬ ጋር እንደ ልቧ ታወራለች። እንዴት ያለች ብልጥ ናት!

እሑድ ቁርስ ላይ ሞከራት።

«አንቺ፣ ኮምፒውተሬን ነክተሻል እንዴ?»

«እኔ? ምኑን አውቄ!» ሻዩን ቀድታ እጁ ሥር አስጠጋችለት። «ግን ቢያነብልህስ ምን አለበት? ዐረፍ ብለህ ብታዳምጥ…»

«እኔ አራሚ ነኝ። በጆሮ አይታረምም።»

ድሮ ቢሆን ትሟገተው ነበር። አሁን አሁን ደግሞ ደግነቷ በዝቷል፤ ዳቦውን ትቆርስለታለች፣ መንገድ ሲወጡ እንደ አዲስ ሙሽራ ክንዱን ትይዘዋለች። ልትሄድ የቆረጠች ሴት መጨረሻ ላይ ደግ ትሆናለች ሲሉ ሰምቷል። እሷ ከዚህ ቤት ከወጣች አብራው የምትቀረው ያቺ የማሽን ሴትዮ ብቻ እንደሆነች ሲያስበው እንባው መጣ፤ ቁርሱን ትቶ ተነሣ።

ማክሰኞ «እህቴ ጋ» ብላ ስትወጣ ተከተላት።

ቀይ ካፖርቷን ለብሳ ነበር። በሰዉ መሐል ያንን ቀይ ብቻ እያየ ሄደ። መንገድ ሲሻገር አንድ መኪና ጎማው እስኪያፏጭ ፍሬን ያዘ፤ ሹፌሩ አናቱን አውጥቶ ሰደበው። የዘንድሮ ሹፌር ሥርዓት የለውም። ካፖርቱ የእህቷን ሰፈር ትቶ ወደ ግራ ታጠፈና አንድ ፎቅ ውስጥ ገባ። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ ኮቴዋን እየሰማ ወጣ። ገርበብ ያለ በር አጠገብ ሲደርስ ከውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማ። ወጣት ነው።

ቀጥ ብሎ ቀረ። ገብቶ ጉድ ሊያፈላ አሰበ፤ ግን መጀመሪያ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ።

«እትዬ፣ ስክሪፕቱን አሁንም አጠፋብዎት?» አለ ወጣቱ።

«አጠፋው፣ ልጄ። እስቲ ዛሬ የማያገኘው ቦታ እንዴት እንደማስቀምጠው አሳየኝ።»

«እስከ መቼ እንዲህ ይደክማሉ? ለምን ቁርጡን አይነግሩትም?»

ሚስቱ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። ይኸው መጣ፣ አለ በሆዱ፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት የኖርንበት ቤት ዛሬ ፈረሰ። የበሩን መቃን ጨምድዶ ያዘና ጠበቀ።

«ሐኪሙ ያለኝን በምን አፌ ልንገረው?» አለች። «ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን እኮ ከእሱ በቀር የማያውቅ ሰው የለም።»