የክርስትና ስም

ትዝታ ሁሉ በጋራ ቋት መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ፣ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። የትርንጎ ሥራ ወረፋውን መፈተን ነው። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ አሥር ሺህ የውሸት አስታዋሾችን በአንድ ትዝታ ላይ ለቃ፣ ስንት ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቁ ስትለካ ዓይኗ ፈዟል። ፈተናው አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። የሰው ትዝታ ከምይዝ ብላ፣ ከገዛ ቤቷ ማንም የማይጠራውን አንድ ስም ነበር የመረጠችው።

ታናሽ ወንድሟ ልሳኑ ከቤተ ክርስቲያን ደወለ።

«እትዬ፣ የእማዬ አርባ ጸሎት ሊጀመር ነው። ቄሱ የክርስትና ስሟን ቢጠይቁኝ ጠፋብኝ። ማነው የያዘው?»

«ሰው አይደለም» አለች ትርንጎ በደከመ ድምፅ። «ቆይ፣ እኔ ልንገርህ።»

አፏን ከፈተች። ስሙ አልመጣም። ከፊቷ ያለው ስክሪን ግን ተራዋን ጻፈላት፦ አሥር ሺህ ሁለተኛ።