ሰማሽ?

ማዳመጫው ለልጅቷ ጭንቅላት ሰፍቶ ወደ አንገቷ ተንሸራተተ። የድምፅ ሕክምና ባለሙያዋ አጥብባ መለሰችላትና ማጫወቻውን ከፈተች። ለእናትየውም ሌላ ማዳመጫ ሰጥታ ከልጇ ጎን አስቀመጠቻት።

የሚሰማው የእናትየው የራሷ ድምፅ ነው። ባለሙያዋ «ጆሮዋን የምናሠለጥነው በምታውቀው ድምፅ ነው፤ አንድ ተረት ይቅዱልኝ» ብላ አዝዛት፣ እናትየው ልብስ ሰፊ ናትና ስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች በስልኳ ቀድታ አመጣች።

«ጥንቸሏ ወንዝ ዳር ደረሰች። ሰማሽ? ወንዙ ሞልቷል። ሰማሽ? ጅቡ ከማዶ ቆሟል።»

እናትየው አፈረች። «ይቺን ‹ሰማሽ›ን እንደ ጨው ነው ለካ የምነሰንሳት» አለች፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። «አፏን ይመልከቱ እስቲ» አለች።

የልጅቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እናትየው አንድ ጆሮዋን ከማዳመጫው አውጥታ ጠጋ አለች። «ሰማሁ» ትላለች ልጅቷ፣ በለሆሳስ። የምትለው ግን ጥንቸሏ ወንዙን ተሻግራ ከጅቡ ጋር መጨቃጨቅ ከጀመረች በኋላ ነው። ቀጣዩም «ሰማሽ» እንዲሁ ሆነ፤ መልሱ ዘግይቶ በሌላ ወሬ ላይ ተደርቦ ወጣ።

«ሁሌም ትመልሳለች» አለች ባለሙያዋ። «ጆሮዋ ይሰማል፤ የሰማችው ነገር እስኪገባት ነው ጊዜ የሚወስድባት። ትንሽ የሚጠብቃት ሰው ትፈልጋለች።»

እናትየው ቤቷን አሰበች። «ውሃ አምጪልኝ፣ ሰማሽ?» ትልና ወዲያው የመኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች። ከዚያ «ጆሮሽን ምን ደፈነው?» ይከተላል። የጆሮ ሐኪሙ «ጆሮዋ ደህና ነው» ካላት ወዲህማ ነገሩ ሁሉ እልህ መስሏት ነበር። «እያወቀች ነው ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለኝ» ብላ ለጎረቤት ያወራችው እሷው ናት። የሰፈር ልጆች ይህን ሰምተው፣ አሳጥረው፣ «ዳባ» አሏት። አሁን መምህሯም ሳይቀር የሚጠራት በዚሁ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሷ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አምናበት የተናገረችው ነው።

«ተረቴም እዚህ ላይ አለቀ። ሰማሽ?» አለ ድምፅዋ ከማዳመጫው ውስጥ። ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ኖሯል፣ ስፌት መኪናው ትርርር ብሎ ተነሳ። ከዚያ ቅጂው ተቋረጠ።

ባለሙያዋ የልጅቷን ማዳመጫ ልታወልቅ እጇን ስትዘረጋ እናትየው እጇን ያዘቻት። ጠበቁ። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ተሰምቶ ራቀ። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ታፍተለትላለች።

«ሰማሁ፣ እማ» አለች በመጨረሻ።

ከዚያም እንደ ልማዷ ትከሻዋን ሰብስባ ቁጣውን ጠበቀች።