ከመስኮቱ በስተግራ

«መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንቺው አንብቢልኝ» ትላለች ግድግዳ ለሳኟ፣ መወጣጫው ላይ እግሮቿን አንጠልጥላ እንደተቀመጠች።

ልጇ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት በምሳ ሰዓቷ እየሮጠች የመጣችው ለማንበብ አይደለም፤ ቪዲዮውን ላጥፋው ብላ ለማስፈቀድ ነው። ከሦስት ቀን በፊት እናቷን ሥራ ላይ ቀርጻ፣ ከሥሩ «የእጅ ጥበብ» ብላ ለጥፋው ነበር። ዛሬ ባልደረቦቿ ከስልክ ስልክ እየተቀባበሉ ይስቁበታል፤ የለጠፈችው እሷ መሆኗን ቢያዩም፣ ሴትዮዋ እናቷ እንደሆነች ግን አያውቁም።

«ስድብ ነው እኮ፣ እማ። ምኑን ላንብብልሽ?»

«ስድቡን።»

ልጅቱ ከመወጣጫው ጎን ባለው በረንዳ ላይ ቆማ ታነባለች። «‹ግድግዳውን ነው ፊቷን የምትለስነው?›»

«ሁለቱንም በያቸው። ቀጥዪ።»

«‹በዚህ ክብደቷ ሕንፃው እንዳይዘም።›»

እናት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ሃያ ሁለት ዓመት የወጣሁበት ሁሉ እንደ ቆመ ነው በይው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል! ሌላስ?»

ሌላም አለ፤ ብዙ። ልጅቱ ለእናት ጆሮ የማይሆነውን እየዘለለች ትወርዳለች፤ ጣቷ ወደ ማጥፊያው ይሳባል። «ይሄኛው ደግሞ ሥራሽንም አልማረም። ‹ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ጠርዝ ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋል። ቱንቢ ይጣልበት።›»

ሳቁ ይቆማል።

«እስቲ ድገሚው።»

ትደግመዋለች። እናት ትነሣለች፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምትለካበትን ባለክር ቱንቢዋን ከመስኮቱ አናት ላይ ታንጠለጥላለች። ብረቱ ለጥቂት ጊዜ ተወዛውዞ ጸጥ ይላል። ከላይ በክሩና በጠርዙ መካከል አንድ ጣት ይገባል፤ ከታች ሁለት።

«በመስኮቱ ፍሬም ለክቼ ነው» ትላለች፣ ለራሷ ያህል። «ቸኮልኩና የአናጢ ሥራ ቀጥ ያለ ነው ብዬ አመንኩ። በዚህ ዕድሜዬ!»

«እማ ደግሞ፤ ማን ያስተውለዋል?»

«አስተዋለው እኮ! ያ ሁሉ ሰው እኔን ሲያይ፣ አንድ ሰው ግድግዳውን አየልኝ።» መሮና መዶሻዋን ከባልዲው ታወጣለች። «ጻፊለት። አንቱ በይው፤ ባለሙያ ነው። ‹እውነትዎን ነው፤ አፍርሼ እየሠራሁት ነው› በይልኝ።»

«ቪዲዮውስ?»

«ሥራዬ አይደል? ይቆይ እንጂ።»

መሮው የደረቀውን ልስን ይነክሳል። ለዚህ ማንም አላዘዛትም፤ ሥራ ተረካቢውም ትናንት አይቶ «ግሩም» ብሎ አልፎታል።

ልጅቱ መጻፍ ትጀምራለች። «እናቴ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። የባልደረቦቿ ፊት አንድ በአንድ ይመጣባታል፤ ማታ ሳይሆን አሁኑኑ፣ ከምሳ ስትመለስ የሚጠብቃት ፊት። በአእምሮዋ «ለሳኟ» ብላ ትተካዋለች፤ በእጇ ግን ቃሉን አትነካውም። «እናቴ እንዲህ ትላለች» ብላ የታዘዘችውን ትጽፍና ትልከዋለች።

ቀና ስትል፣ የጠርዙ ልስን ከላይ እስከ ታች ተገምሶ ይወርዳል። ሕንፃው ሥር ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ራሳቸውን ያነሣሉ። አቧራው ሲገፈፍ፣ የተራቆተው ጡብ በቀትር ፀሐይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ እናቷም ከጎኑ፣ ወገቧን ይዛ።