የእህቴ ተዋንያን

እህቴ የፊልሞቿን ድርሰትም ዝግጅትም ራሷ ነበረች የምትሠራው። በሁሉም ፊልሞቿ ለቅሶ አለ፤ ለለቅሶ ተዋናይ መቅጠር አያስፈልግማ። በእኛ ሰፈር ድንኳን ከተተከለ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ጎረቤቶቻችን መታለላቸውን ሲያውቁ ተቆጡ። ሲኒማ ቤት ገብተው ራሳቸውን ካዩ በኋላ ግን፣ "የሚቀጥለው ለቅሶ መቼ ነው?" እያሉ ይጨቀጭቋት ጀመር።

ባለፈው ጥቅምት እህቴ በድንገት ሞተች። ድንኳን ተከልን። ጎረቤቶቻችን ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ኩል ተኩለው መጡ። ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም በዓይኑ ካሜራ ይፈልጋል።

"ልጄ፣ በየት በኩል ነው የሚያነሳን?" አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ።

"እትዬ፣ የዛሬው ፊልም አይደለም። የሞተችው እሷ ናት።"

"ባለፈውም እውነት ነው ብላችሁን ነበር" ብለው ሳቁ። "በራሷ ጨከነች እንጂ ታሪኩስ ያስለቅሳል።"

እህቴ ሳይለቀስላት ልትቀበር ነው። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ወንበር ላይ ቆምኩና፣ "ተዘጋጁ፣ ካሜራው እየቀረፀ ነው" አልኩ።

ድንኳኑ በዋይታ ተናወጠ። እትዬ ጥሩወርቅ ደረታቸውን ደቁ። የዕድሩ ዳኛ በሙሉ ልብሳቸው መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ዋይታው በረድ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ጉንጫቸው ላይ የወረደውን ኩል በነጠላቸው ጠርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"በይ አሁን ጥሪያትና ትየው። ካልወደደችው እንደግመዋለን።"